ሠራተኛችሁ ለሥራ እየነዳ አደጋ ቢያደርስ፦ ጅማ ላለ ባለንብረትና አሠሪ ዝርዝር መመሪያ

የቡና መጋዘን አላችሁ እንበል። ሹፌራችሁ አይሱዙውን ይዞ ከአጋሮ ሲመለስ ከተማ መግቢያው ላይ ባጃጅ ገጨ፤ ሁለት ተሳፋሪ ተጎዳ። የተጎጂዎቹ ቤተሰብ መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ብዙ ባለንብረት የሚሰጠው መልስ ያው ነው፦ «የነዳው እሱ፣ የገጨው እሱ፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይህ መልስ ፍርድ ቤት ሲደርስ አይቆምም። መኪናው በስማችሁ ከሆነ የኃላፊነቱ ክርክር ገና ሳይጀመር ግማሹ አልቋል። ጉልበታችሁን ማዋል ያለባችሁ ከአደጋው በፊት ባለው ወረቀት ላይና ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ላይ ነው።

እዚህ የተጻፈው አጠቃላይ መንገዱን ለማሳየት ነው። ሰው የሞተበት ወይም አካሉ የጎደለበት ጉዳይ ከገጠማችሁ ፋይሉን ለጠበቃ ሳታሳዩ ምንም አትፈርሙ።

ደረጃ 1፦ በየትኛው ሕግ እንደምትጠየቁ ለዩ

አንድ አደጋ በሦስት መንገድ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። ሦስቱን መቀላቀል ከባድ ኪሳራ ያመጣል፤ በአንዱ ነፃ የወጣ ሰው በሌላው ይያዛልና።

የመጀመሪያው የባለቤትነት ኃላፊነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ረዳቱ ቁልፉን አንስቶ ቢወጣ፣ ሊያጥብ የወሰደው ልጅ አንድ ዙር ልምታ ብሎ ሰው ቢገጭ፣ ባለቤቱ አይድንም። የሚያድነው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ በሩን የበለጠ ያጠብበዋል፦ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ልከላከለው አልችልም ነበር» የሚሉት መከራከሪያዎች ባለቤቱን ነፃ አያወጡም። ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ጉዳቱ በከፊል ወይም በሙሉ በተጎጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። ፍሬን ድንገት ተበጠሰ ማለት፣ እውነት ቢሆንም፣ ለተጎጂው መልስ አይሆንም።

ሁለት መኪና ሲጋጭ ሌላ ስሌት ይመጣል። አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምትና የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ያሸክማቸዋል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ብዙ ገንዘብ የሚወስነው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የባጃጁ ሹፌር መብራት ሳያበራ ገብቶ ቢሆን እንኳ የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ተሳፋሪዎች ምንም አላጠፉም። ለእነሱ «ባጃጁ ነው ያጠፋው» ማለት በቂ መልስ አይደለም።

ሁለተኛው የአሠሪነት ኃላፊነት ነው። አንቀጽ 2130 ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ኃላፊነት ውስጥ ከገባ አሠሪው አብሮ ይጠየቃል ይላል፤ ለማኅበርና ለኩባንያ ተመሳሳዩ በአንቀጽ 2129 ተቀምጧል። ሹፌሩም ከደሙ ንጹሕ አይሆንም። ተጎጂው ሁለቱንም አንድ ላይ መክሰስ ይችላል፤ እንደ ልማዱ ግን ዓይኑ የሚያርፈው መጋዘን ያለው ላይ ነው።

ሦስተኛው የተጎዳው የራሳችሁ ሠራተኛ ሲሆን የሚመጣው ነው። እሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ የሹፌሩ ጥፋት የሥራ ነው ወይስ የግል የሚለው ክፍፍል (አንቀጽ 2126 እና 2127) ስለሚጨመር መሥሪያ ቤቱ ከሕግ ክፍሉ ይጀምር።

ደረጃ 2፦ ጉዞው «ለሥራ» ነበር ወይ የሚለውን መርምሩ

ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ነው። አንቀጽ 2132 ለተጎጂው የሚያግዝ ግምት ይወስዳል፦ ሠራተኛው ዘወትር በሚሠራበት ቦታ ወይም ሰዓት ጉዳት ካደረሰ ሥራውን ሲያከናውን እንዳደረሰ ይቆጠራል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ግን በእናንተ ትከሻ ላይ ነው። አንቀጽ 2131 በበኩሉ ሥራው አጋጣሚውን ስለፈጠረለት ብቻ አሠሪ አይጠየቅም ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ጠበቆች ቀኑን ሙሉ የሚነታረኩት።

ጅማ ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሹፌሩ ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሲሄድ ወልቂጤ ምሳ ሊበላ ጎራ አለና ከመናኸሪያው አጠገብ እግረኛ ገጨ። ምሳው የጉዞው አካል ነው፤ «ሆዱን ሊሞላ ነው የቆመው» ብላችሁ አትከራከሩ።

ያው ሹፌር ሰኮሩ ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ዘመዱ ጋ ለቅሶ ሊደርስ ገጠር ገባ። እዚህ ከሥራው ወጥቷል ለማለት የተሻለ መሠረት አለ። መኪናው ግን የእናንተ ነውና በ2081 ትያዛላችሁ። አሠሪነትን ክዶ ማሸነፍ ባለቤትነትን አያስቀርም፤ ይህን የማያውቁ ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከራክረው ያው ካሳ ላይ ይደርሳሉ። እሑድ በድርጅቱ ፒክአፕ ሰርግ የሄደ ሠራተኛም ከዚህ አይለይም።

አሁን ደግሞ መኪናው የእናንተ ያልሆነበትን እንይ። የመድኃኒት አከፋፋይ ነጋዴ የሽያጭ ሠራተኛውን «በራስህ ሞተር ዙር፣ ነዳጅ እከፍልሃለሁ» ብሎ ፈረንጅ አራዳን፣ አጂፕንና መርካቶን ያስዞረዋል። ሠራተኛው ሰው ገጨ። የሞተሩ ባለቤት እሱ ነው፤ በባለቤትነት የሚጠየቀውም እሱ። እናንተ ግን በአሠሪነት ትጠራላችሁ። የነዳጅ ደረሰኙ፣ የትዕዛዝ መልእክቱ፣ የዕለቱ የሽያጭ ቅጠል ሁሉ ለሥራ እየዞረ እንደነበር ይመሰክራሉ። በኔ አስተያየት በከተማችን ብዙ ሰው ያላሰበበት ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፦ የድርጅቱ መኪኖች ሁሉ መድን አላቸው፣ ለድርጅቱ ሥራ የሚሮጡት የሠራተኞች ሞተሮች ግን በማንም መዝገብ ላይ የሉም።

ከሹፌር ጋር የምትኮናተሩት መኪና ሌላ ነው። የጫነላችሁ ሰው በራሱ መኪና፣ በራሱ ሰዓትና መንገድ የሚሠራ፣ በእናንተ ሥልጣን ሥር ያልሆነ ከሆነ አንቀጽ 2134 እንደ ነፃ ሠራተኛ ያየዋልና በእሱ ጥፋት አትጠየቁም። ነገር ግን ወረቀቱ «ኮንትራት» እያለ በተግባር ጠዋት የምታስፈርሙት፣ መንገዱን የምትመርጡለት፣ ሲያረፍድ የምትቀጡት ከሆነ የወረቀቱ ስም አያድናችሁም። መኪናውን ያለ ሹፌር ተከራይታችሁ በራሳችሁ ሰው የምታስነዱ ከሆነም ለጥቅማችሁ የያዛችሁት ናችሁና በአንቀጽ 2082 ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ከቤት ወደ ሥራ በራሱ ትራንስፖርት የሚመጣ ሠራተኛ በመንገድ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንደ ደንቡ አሠሪው አይጠየቅም። ጠዋት ደውላችሁ «ስትመጣ ባንክ ግባና ደረሰኙን ይዘህልኝ ና» ካላችሁት ግን ያ ጉዞ ለሥራ ሆነ።

ደረጃ 3፦ ከአደጋው በፊት የሚዘጋጅ ወረቀት

የስምሪት ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሰሌዳ፣ የሹፌሩ ስም፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የጭነቱ ዓይነት፣ የመመለሻ ሰዓት፣ ፊርማ። ሹፌሩ ከስምሪት ውጭ ወጣ የምትሉት ስምሪት ካለ ብቻ ነው። ደብተሩ ግን በሁለቱም በኩል የተሳለ ቢላ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚያዝዝ፣ ማታ ያራገፈ ሹፌር ሌሊቱን ግቤ በረሃን እንዲወርድ የሚያስገድድ ስምሪት ከያዛችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በቀን 8 በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ገደብ ስለመጣሳችሁ በገዛ ፊርማችሁ መሰከራችሁ ማለት ነው። የረጅም መንገድ ጉዞን ለሁለት ቀን ክፈሉት።

የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ዋናውን አይታችሁ ኮፒ ያዙ፤ ደረጃው ለሚነዳው መኪና መሆኑን አመሳክሩ፤ የሚያበቃበትን ቀን በካሌንደር ላይ ጻፉ። ቀላል መኪና የተፈቀደለትን ሰው ከባድ ጭነት ላይ ማስቀመጥ በየመጋዘኑ ያለ ነገር ነው። መድን ድርጅቱ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ያላለፈበት መሆን አለበት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ክልክል ነው። ግን አትሳቱ፦ ይህ አስገዳጅ ሽፋን ጣሪያ አለው። ጣሪያውን በየጊዜው በሥራ ላይ ካለው ደንብ አንጻር ከመድን ድርጅታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ ከጣሪያው ካለፈ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል። «ፉል ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ሰውም ሙሉ ሽፋኑ ለራሱ መኪና ጥገና መሆኑንና ለሦስተኛ ወገን የሚከፍለው እስከ ስንት እንደሆነ ውሉን ገልጦ ያንብብ። ትንሽ ተጨማሪ ዓረቦን ከፍሎ ይህን ጣሪያ ማስነሳት ይቻላል። ጭነት ላላቸው መኪኖች ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህንኑ ነው።

ለሹፌሮቹ አንድ ገጽ የማይሞላ የጽሑፍ መመሪያ ስጡና አስፈርሙ። ትርፍ ሰው አይጫንም፤ ቁልፍ ለረዳት አይሰጥም፤ ጠጥቶ ወይም ጫት ሲቅም አድሮ መሪ አይያዝም፤ እየነዱ ስልክ አይነሳም። የመጨረሻው እናንተንም ይመለከታል። በየሃያ ደቂቃው «የት ደረስክ?» እያለ የሚደውል አለቃ ሹፌሩን ስልክ እንዲያነሳ እያዘዘው ነው፤ የጥሪው ሰዓት ደግሞ ከቴሌ ተጠይቆ ይወጣል። መመሪያው አፋን ኦሮሞ ለሚቀለው በአፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ ለሚቀለው በአማርኛ ይሁን፤ «አልገባኝም» እንዳይባል።

የሠራተኛ ሞተር ወይም መኪና የምትጠቀሙ ከሆነ የመድኑንና የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሳታዩ የነዳጅ አበል አትክፈሉ።

ደረጃ 4፦ አደጋው እንደደረሰ

ሹፌሩ ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «መኪናው ምን ሆነ?» አይሁን። ቆሟል ወይ፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ፣ ፖሊስ ተጠርቷል ወይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሰው ገጭቶ ሳይረዳ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ «ሰው ይደበድበኛል» ብሎ የሸሸ ሹፌር ከቦታው ዞር ብሎ ወዲያው ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ እጁን ይስጥ።

ተጎጂው በፍጥነት ሕክምና ያግኝ። ከተማው ውስጥ ከሆነ ከባዱ ጉዳት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው የሚሄደው፤ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም አለ። በመድን አዋጁ መሠረት የመኪና አደጋ ተጎጂ የመጀመሪያ የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። የሰሌዳና የመድን ቁጥሩን ለሆስፒታሉ ለመስጠት አታቅማሙ።

መኪናው ፕላን ሳይነሳ ከቦታው አይንቀሳቀስ። እስከዚያው በስልክ ፎቶ አንሱ፦ የጎማ ምልክት፣ የተሰበረ መስታወት የወደቀበት፣ የመንገዱ ጭቃ፣ የሁለቱም መኪና አቋም ከሩቅና ከቅርብ። ክረምት ላይ አንድ ዝናብ ምልክቱን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። የተጎጂዎችን ፊት አታንሱ። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ፤ ባለ ሱቅ፣ ባለ ጀበና፣ ባጃጅ ተራ አስከባሪ ካለ ከእነሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ሹፌሩ ለፖሊስ እውነቱን ይናገር። እናንተ ሆናችሁ ማንም «ረዳቱ ነው የነዳው በል» ወይም «ስምሪት አልነበረህም በል» አይበለው። ሐሰተኛ ቃል ማስያዝ የፍትሐ ብሔሩን ዕዳ ወደ ወንጀል ክስ ይለውጠዋል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት

የንግድ ሕጉ መድን የገባ ሰው አደጋውን ካወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ድርጅቱ ያስታውቅ ይላል። የብዙ ውል ቃል ደግሞ «ወዲያውኑ» ነው። በዚያው ቀን ደውሉ፣ በማግስቱ ጅማ ቅርንጫፋቸው ሄዳችሁ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ሞልታችሁ ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቱ። ስትሞሉ ያላያችሁትን እንዳያችሁ አትጻፉ፤ ቅጹ ኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የገጨው ሌላ ሰው ሆኖ የተሰወረ ወይም መድን የሌለው ከሆነ፣ የተጎዳው ሰው የእናንተም ሠራተኛ ቢሆን፣ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለና የፖሊስና የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ማመልከት ይቻላል።

እነዚህ ቀናት የሽማግሌም ቀናት ናቸው። ጅማ ላይ ሰው ከሞተ በጉማ ሥርዓት መታረቅ የቆየና ክብር ያለው መንገድ ነው። ለቅሶ መድረስ፣ ለቀብር መርዳት፣ ሽማግሌ መላክ ሰብአዊ ነገር ነው፤ የሚከለክላችሁ ሕግ የለም። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የመድን ውሎች በአብዛኛው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት እንዳታምኑና ካሳ ለመክፈል እንዳትስማሙ ይከለክላሉ፤ ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ «ለቀብር ማስፈጸሚያ እርዳታ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ እርቅ የወንጀል ክሱን በራሱ አያቋርጥም። በቸልተኝነት ሰው መግደል በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ሲሆን ሙያው ማሽከርከር በሆነ ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል። ሹፌሩ ታስሮ ሳለ የዋስትናውን ነገር ተከታተሉለት። የተተወ ሹፌር ምን ዓይነት ምስክር እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ደረጃ 6፦ የካሳ ጥያቄው ሲመጣ

ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ የሚጠይቁት በአብዛኛው የሕክምና ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ የወደፊት ገቢና የሞራል ካሳ ነው። ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በገዛ ስማቸው መጠየቅ ይችላሉ (አንቀጽ 2095)። እያንዳንዱን በማስረጃ ፈትኑ፦ ደረሰኙ ከጉዳቱ ጋር ይገናኛል ወይ፣ የአካል ጉዳቱ መቶኛ በሕክምና ቦርድ ተወስኗል ወይ፣ ገቢው በምን ተረጋገጠ። የባጃጅ ሹፌር ወይም የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ደብዳቤ የለውምና ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ይተምናል። እዚህ ላይ ተከራክሮ ማስቀነስ የሚቻለው የአካባቢውን የቀን ገቢ የሚያውቁ ምስክሮችን አቅርቦ ነው። የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ጣሪያው በ1952 የተቀመጠ ሆኖ አሁንም በሕጉ ላይ ያው ነው። ዛሬ ያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን።

ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ነገሩ ወንጀልም ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ ግን በዚያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)፤ ሁለት ዓመት ሞላ ብላችሁ ፋይሉንና የስምሪት ደብተሩን አትጣሉ። ሹፌሩ በወንጀሉ ነፃ ቢባልም የካሳ ክሱ ይቀጥላል፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ችሎቱ በዚያ እንደማይታሰር ይናገራል።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። ጅማ ከሆነ የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። መልሳችሁን በዚያ የሚያዘጋጅ ጠበቃ ያዙ፤ በአማርኛ ያሉ ውሎችን ቀድማችሁ አስተርጉሙ። መጥሪያ እንደደረሳችሁ ኮፒውን ለመድን ድርጅቱ አስገቡና ወደ ክርክሩ እንዲገባ ጠይቁ። መድኑን ሳይጠሩ ተከራክሮ ተፈርዶበት ከዚያ «ክፈሉልኝ» ብሎ መሄድ ሌላ ሙግት መጀመር ነው።

ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ ወረቀቱ ይሟላ። ማን ለማን እንደከፈለ፣ ስንት፣ ለየትኛው ጉዳት፣ የትኞቹ ወራሾች እንደፈረሙ፣ ተጨማሪ ጥያቄ እንደማይቀርብ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ሞግዚታቸው በፍርድ ቤት የታወቀ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁ ሹፌር

ሹፌሩም ሆነ ረዳቱ በሥራ ላይ ከተጎዱ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በአዋጅ 1156/2011 ይጠየቃል። ሠራተኞችን በምታመላልሱበት ሰርቪስ የደረሰ አደጋም በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። የሕክምና ወጪ ትሸፍናላችሁ፤ ደመወዙም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከተገኘ ግን አሠሪው በዚህ አይያዝም። ቅድም ያስፈረማችሁት መመሪያ እዚህም ይሠራል።

ለተጎጂው የከፈላችሁትን ከሹፌሩ መልሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ግን በገዛ እጃችሁ ከደመወዙ ቆርጣችሁ አይደለም። ለቅነሳ የጽሑፍ ስምምነቱ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ አለዚያም ሕግ ወይም የኅብረት ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ ሲቀነስም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። ማሰናበት ካሰባችሁ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27 የተዘረዘሩት ምክንያቶች መሟላታቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እያንዳንዱ አደጋ ከባድ ቸልተኝነት አይደለም። ፕላኑ ያጠፋው ሌላው ነው ብሎ ከወጣ በኋላ የተባረረ ሹፌር የሥራ ክርክሩን አሸንፎ እንደሚመለስ አትጠራጠሩ።